የግሪሳው ክፍል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4። ረፋድ

ሽቦው እንደገና ተበጠሰ። ዋልካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ሴንሰሩን ይዞት ነው የሚሄደው። ውሃ ጨመርኩበት። በእግሬ ረገጥኩት። እስከ ጉልበቴ ጭቃ። ር/መምህሩ አቶ ጌትነት በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለዚህ ነው ወይ አሉኝ። አዎ፣ ለዚህ ነው አልኳቸው። ሄዱ። ይሂዱ።

ደብተሬ፣ አንተም እንደሳቸው እንዳታፈጥብኝ አንዴ ልንገርህ፣ ሁለተኛ አልደግምም። ወረታ ዳር ያለው ት/ቤት፣ አሮጌው መጋዘን። ወለሉ ላይ ሰፊ ገንዳ። ገንዳው ውስጥ ከፎገራ ሜዳ በጋሪ ያስመጣሁት ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ሴንሰሮች። ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ በፕሮጀክተር የሩዝ ማሳ። ጣሪያው ላይ ማይክሮፎን። ጥጉ ላይ እውነተኛ የወፍ መጠበቂያ ማማ፣ ገበሬዎቹ ባዋጡት ባህር ዛፍ የቆመ። ልጅ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ ጭቃው ውስጥ ይቆማል፣ ግድግዳው ይመልስለታል። ከሮጠ ወፎቹ አይመጡም። ዝም ብሎ ከቆመ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ተፈጥሮን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ቀርቶ በእግር፣ በጉሮሮ፣ በትንፋሽ መማር። ሐሳቡ ይኸው ነው። የሚከፍለው አዲስ አበባ ያለ ፕሮጀክት ነው፣ ተቆጣጣሪው ባሕር ዳር የተቀመጠው ኢንጂነር ዮናስ። ሠሪዋ እኔ ሙሉ፣ የዚሁ ሜዳ የሩዝ ገበሬ ልጅ።

ረቡዕ ልጆች ይገባሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጉድ ፈላ!

6ኛ ክ. ገቡ። ሃያ ልጆች። ኢንጅ. ዮ. ከባሕር ዳር መጥቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ልጆቹ ጫማ አወለቁ፣ ጭቃው ውስጥ ገቡ፣ እንደነገርኳቸው ዝም አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ግሪሳ ግድግዳው ላይ ወረደችና የሩዙ ራስ ላይ ተቀመጠች። በቃ። ዝምታው እዚያ ላይ አለቀ።

እሽ! ሃይ! እሽ! እሽ! መጋዘኑ ተናወጠ። ማማው ላይ አራት ልጆች ባንድ ጊዜ ተንጠላጠሉ። ወንጭፍ ያለው ከኪሱ አወጣ። (ጥቅምት ነው፣ ታዲያ ወንጭፍ የት ይሁን?) የሌለው ጭቃ ጨበጠ። ትርንጎ የምትባል አለች፣ ቀጭን፣ ድምጿ ግን ከርብ ወንዝ ማዶ የሚሰማ። የጭቃ ድቡልቡል ወርውራ ወፏን ከነምንቃሯ አጠፋቻት። ቀጣዩ የኢንጅ. ዮ. ሸሚዝ ላይ አረፈ። ኮዱ ውስጥ የጻፍኩት ግልጽ ነው፤ ጩኸት ካለ ወፍ የለም። ወፎቹ ጠፉ፣ ግድግዳው ጨለመ። ልጆቹ አሸነፍን ብለው ጨፈሩ።

ኢንጅ. ዮ. ሸሚዙን እየጠረገ ልጆቹ ሥርዓት የላቸውም አለ። ሥርዓትስ አላቸው! ፎገራ ውስጥ ሩዝ ሲያፈራ ልጅ የሚውለው ማማ ላይ ነው፣ ግሪሳ ሲያባርር። ለዚህ ልጅ ወፍ አይተህ ዝም በል ማለት ሌባ አይተህ ዝም በል ማለት ነው። እኔ ራሴ ማማ ላይ ያደግሁት፣ ሰውዬው አዲስ አበባ የተሳለ ሥዕል ሲሰጠኝ ተቀብዬ እንዳለ ሠራሁት። ተናደድኩ። ከዚያ ግድግዳውን ሳጥብ ብቻዬን ሳቄ መጣ። አላቆም አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። አባዬ ማሳ

ማማ ላይ ነኝ። አባዬ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ እኔ ቆርቆሮ እደበድባለሁ። ሩዙ ወተት ይዟል፤ ግሪሳ የምትወደው እንዲህ ሳለ ነው። ከጣና በኩል ትነሣለች፣ ትዞራለች፣ ባንዴ ትወድቃለች። ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ ግማሽ ትልም የለም።

በመሃል ሽመላ መጣ። ረጅም እግሩን እያነሣ፣ እንደ ሽማግሌ እያሰበ ገባ። አባዬ ወንጭፍ ሲያነሡ እጃቸውን ያዝኩ። ይተውት፣ እሱ የሚበላው ፌንጣ ነው አልኳቸው። ሩዜን ሲረግጠውስ አላየሽም ወይ አሉ። የሚረግጠው ፌንጣ ከሚበላው አይብስም አልኩ። አንች ጫማ አድርገሽ ነው የምታወሪ አሉኝ። እውነትም ጫማ አድርጌያለሁ። ተጨቃጨቅን። ወፍ ሁሉ ወፍ ነው፣ አይደለም፣ ነው፣ አይደለም። ሽመላው ጭቅጭቁ ሰልችቶት ሄደ። ማንም ማንንም አልረታም።

ስወርድ ግን ክፍሉ ጭንቅላቴ ውስጥ እየፈረሰ እየተሠራ ነበር። ክፍሉ ዝም በሉ አይበል። ክፍሉ የእኔንና የአባዬን ጭቅጭቅ ይጨቃጨቅ። ግሪሳ ስትመጣ ጩኸት ይሁን። ሽመላ ሲመጣ ዝምታ። ልጁ መጀመሪያ ይይ፣ ከዚያ በጉሮሮው ይምረጥ። ከተሳሳተ ግድግዳው ዋጋውን ያሳየው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሠራ! ደብተሬ፣ ሠራልህ!

ኮዱን ከሥሩ ገለበጥኩት። ልጆቹን አስገባሁ፣ ምንም አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ በሁሉም ላይ ጮኹ፣ በግሪሳውም በሽመላውም። ሽመላው በረረ። ከዚያ ፌንጣ መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ግድግዳው ሞላ። በስፒከሩ ቅርጥፍ፣ ቅርጥፍ። ሩዙ ግንዱ ብቻ ቀረ። ልጆቹ ተቆጡ፣ በእኔ። አንዱ አጭበርባሪ ናት አለ፣ ሰማሁት። እንደገና አስጀመርኩ። እንደገና ጮኹ፣ እንደገና ፌንጣ በላቸው።

በሦስተኛው ግሪሳ ወረደች። ሃያ ጉሮሮ፣ አርባ እግር ጭቃው ውስጥ፣ ልብሴ ላይ ሁሉ ፈነጠቀ። ተነሥታ ሄደች። ቀጥሎ ሽመላው መጣ። ትርንጎ በጭቃ እጇ አጠገቧ ያለውን ልጅ አፍ ከደነችው። ዝም፣ ሽመላ ነው፣ በሹክሹክታ። አንዱ ለሌላው አቀበለ። የጭቃው ሴንሰር ዜሮ አሳየኝ፤ አንድ እግር አልተነቃነቀም። ሽመላው ወረደ፣ ፌንጣውን እየለቀመ ከጫፍ ጫፍ ሄደ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው አዩት። ማንም የወፍ ዓይነት አልዘረዘረላቸው፣ ማንም ማስታወሻ አላስጻፋቸው። እንባዬ መጣ። የገዛ ኮዴ ላይ አለቀስኩ፣ ሞኝ ነኝ።

ለአባዬ ነገርኳቸው። ሽመላሽ ሩዝ አይረግጥም ወይ አሉ። ይረግጣል። ተመልሼ ጨመርኩበት፤ በቆመበት ጥቂት አገዳ ይወድቃል። የሳቸውም እውነት እውነት ነው።

ልጆቹ ስም አውጥተውለታል። የግሪሳው ክፍል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ኢንጅ. ዮ. መጣ፣ በጥቁር ሸሚዝ። እሱም ተምሯል።

እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ። ከዚያ ውጭ አወጣኝ። ይሄ ጫጫታ ነው አለ። ወፍ የሚያሳድድ ልጅ ፎቶ አንሥቼ ለማን ላሳይ አለ። እኛ የምናስተምረው ተፈጥሮን መውደድ ነው አለ። ሽመላው ላይ ምን ያህል ዝም እንዳሉ አላየህም ወይ ስለው፣ ከዚያ በፊት ምን ያህል እንደጮኹ ሰምቻለሁ አለኝ። ዓርብ ጥቅምት 29 እንግዶች ይመጣሉ፣ ከክልልም ከአዲስ አበባም። እሱ የሚፈልገው ጸጥታ፣ የሚያርፉ ወፎች፣ ፈገግ ያሉ ልጆች። ወይ የመጀመሪያውን ኮድ መልሺ፣ ወይ የክፍሉን ቁልፍ አስረክቢና ሌላ ሰው ይሠራዋል። አበቃ።

የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ የማይረባ መሆኑንም የማውቀው እኔ ነኝ አልኩት። አልሰማኝም። አቶ ጌትነት ሊያስታርቁን ገቡና ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አሉኝ። ዝም ባለ ማሳ ግን ግሪሳ ይገባል አልኳቸው። አፌ አያርፍም፣ አውቃለሁ። እናቴም በዚህ አፍሽ ማን ያገባሻል ስትል ነው ያደግሁት።

ፈርቻለሁ። ላንተ ብቻ ነው የምለው። ይህ ሥራ ከሄደ ወረታ ውስጥ የሚቀረኝ የስልክ መስታወት መቀየር ነው። ግን ፈርቼም ቢሆን አልመልሰውም። እነዚያ ልጆች በራሳቸው ጉሮሮ ያገኙትን ነገር ቀምቼ፣ ቆመው የሚታዩበት ሥዕል አልሰጣቸውም። ይኸው ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሩዙ እየበሰለ ነው፣ ክፍሉ እየጎደለ ነው። ባለፈው ዓርብ ግማሾቹ አልመጡም። ትርንጎም የለችም። ሁሉም ማማ ላይ ናቸው።

አቶ ጌ. መላ አገኘሁ ብለው ፊታቸው በርቷል። ከመሃል ከተማ ልጆች እናምጣ፣ የነጋዴ የሠራተኛ ልጆች፣ ነጭ ካልሲ ያላቸው። እነሱ አይጮኹም። እውነት ነው፣ አይጮኹም። ግሪሳን ከጫጩት አይለዩም። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፣ ሌላ ቀን እነሱንም አስገባቸዋለሁ፣ እነሱም ይጩኹ። ግን ይህን ክፍል የሠሩት የሜዳው ልጆች ናቸው። ጭቃውን የረገጡት፣ አጭበርባሪ ያሉኝ። በእነሱ ፈንታ ሌላ ሊቆም? ሞቼ ነው ቆሜ!

ችግሩ አንድ ነው። የፊታችን ዓርብ ሩዙን ማን ይጠብቅ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27። መድኃኔዓለም

በዓል ነው፣ እርሻ የለም። ግሪሳ ግን በዓል አታውቅም፣ ልጆቹ ማማ ላይ ናቸው። ወላጆቹ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጥሩ ውጭ ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ሄድኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ። ልጆቻችሁን ዓርብ ለግማሽ ቀን ስጡኝ አልኩ።

ሳቁብኝ። የትርንጎ አባት አያ ፈንቴ ግን አልሳቁም። ሩዙ የዓመት ጉርሳችን ነው፣ አንች ልጆቹን ሰብስበሽ ታጫውቻለሽ አሉ። ያኛው የግድግዳ ሩዝ ነው፣ ይሄ የሆድ ነው። ልክ ናቸው። ዘወር ብዬ ልሄድ ስል ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ አፌ ቀደመኝ። ወንፈል እንግባ አልኩ።

ወንፈል! ዓርብ ልጃችሁ ለእኔ ይውላል። እኔ ደግሞ በልጅ ልክ ማማችሁ ላይ እውላለሁ፣ ቀን በቀን። አንዱ ሽማግሌ ወንፈል የእርሻ ነው፣ የአረም ነው፣ የአጨዳ ነው፤ ለተማሪ ቤት ወንፈል ሰምተን አናውቅም አሉ። አሁን ሰሙ አልኳቸው። እዚያ ላይ ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ የተማረ ሰው ቆርቆሮ መደብደብ ይችላል ወይ አለች። አባዬ ከኋላ ሆነው፣ ጫማዋን ካወለቀች ትችላለች አሉ።

ዓርብ ጠዋት እናቶቹ ራሳቸው ማማ ላይ ሊወጡ ተስማሙ። አያ ፈንቴ እጃቸውን ሰጡኝ። የወንፈል ቃል ይፈርሳል ብሎ የሚያስብ እዚህ አገር የለም። ከእንግዲህ እስከ አጨዳ ማማ ላይ ነኝ ማለት ነው። ይሁን! ለኢንጅ. ዮ. ደወልኩና ኮዱን እንዳልመለስኩ፣ እንደማልመልስም ነገርኩት። ጥሩ አለ። ይሄን ብቻ። ጥሩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ትኩስ ትኩሱን ልጻፍ።

ልጆቹ ከማሳ ቀጥታ መጡ፣ እግራቸው ላይ ጤዛ። ሁሉም መጡ። እንግዶቹ ወንበር ላይ፤ ከፊት ከክልል የመጡ አንዲት ኃላፊ፣ የአገር ልብስ የለበሱ፣ መልከ ቀና ወይዘሮ። ኢንጅ. ዮ. ስለ ጸጥታ ንግግር አደረገ። ላፕቶፑ አጠገብ ቆሟል። ፈገግ ብሎልኛል። እዚያ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ግሪሳ ወረደች። ልጆቹ ጮኹ። አልተነሣችም። ሌላ ወረደች፣ ሌላ፣ ሌላ። ጮኹ፣ ረገጡ፣ እጃቸውን አወናጨፉ። ወፎቹ ምንም አልመሰላቸውም፣ ሩዙን ይለቅማሉ። ትርንጎ ማማው ላይ ወጥታ ድምጿ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ያቺ ልጅ ማሳ ላይ እውነተኛው ሩዝ ሲበላባትም እንዲሁ እንደምታለቅስ ገባኝ። ኢንጅ. ዮ. ለእንግዶቹ፣ ልጆቹ ገና አልለመዱም፣ ሲረጋጉ ያዩታል ይላል። ወደ ላፕቶፑ አየሁ። የማይክሮፎኑ ሽቦ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

ነቀለው። አደንቁሮ ሊያሳያቸው! ክፍሉ ጆሮ የሌለው ሆኖ፣ ልጆቹ ባለጌ እንዲመስሉ።

በጭቃ እግሬ በእንግዶቹ መሃል አለፍኩ። የአንዱን ጫማ ረግጫለሁ፣ ይቅርታም አላልኩ። ሽቦውን ሰካሁ። ዞር ብዬ፣ ጩሁ አልኳቸው! ሃያዎቹ ባንድ ትንፋሽ ጮኹ። ግሪሳዋ እንዳለች ተነሣች፣ ግድግዳው ነጻ ወጣ። ቆርቆሮው ጣሪያ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል።

ከዚያ ሽመላው መጣ። ሃያ ልጅ ባንዴ ጭጭ። ሽመላው ዞረ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ እግሩን አወረደ። ወይዘሮዋ ደስ አላቸው መሰለኝ፣ ማጨብጨብ ጀመሩ። እንግዳ ያጨበጭባል እንግዲህ፣ ምን ያድርጉ። ትርንጎ ከማማው ላይ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ዝም ይበሉ!» አለቻቸው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሽመላው ግን ጭብጨባውን ሰምቷል፣ ተነሥቶ ሄደ። ፌንጣው መጣ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮዋ ስልካቸው ጮኸና ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ኢንጅ. ዮ. ባጠገቤ ሲያልፍ አየሁሽ በሚል ዓይን አየኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30። አያ ፈንቴ ማማ

የወንፈሉ የመጀመሪያ ቀን። ጫማ የለኝም። ፀሐዩ አናቴን እየበሳው ነው። በቆርቆሮና በቆርቆሮ መሃል እጽፋለሁ።

አቶ ጌ. ደወሉ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ነገሩ ተቆራርጦ ገባኝ፣ ሙሉው ሲደርሰኝ ግን ይኸው። እንግዳ ተሰድቧል። ፕሮጀክቱ ተዋርዷል። ሰኞ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ትርንጎ በሰልፉ ፊት በማይክ ይቅርታ ትጠይቅ። እኔ ክፍሉን ወደ ጸጥታው ልመልስ። ካልሆነ ኢንጅ. ዮ. ረቡዕ በመኪና መጥቶ ዕቃውን ይጭናል፣ በሩ ይታሸጋል። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል ብሏል አሉ ስለ እኔ። ታዲያ ከዚህ በላይ እንዴት ልጩህለት?

ሽቦውን ነቅሎ ነበር አልኳቸው። አላየሁም አሉ። አይተዋል፣ አጠገቡ ነበሩ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ወንበራቸውን ይፈራሉ። እኔም እኮ እፈራለሁ። ልዩነታችን እሳቸው ፍርሃታቸውን ታዝዘው መኖራቸው ነው።

እኔን ቢሉኝ ግድ የለኝም ነበር። ልጅቷን ለምን? ምን አጠፋች? ክፍሉ ያስተማራትን ነው ያደረገችው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 1

አያ ፈንቴ ቤት ሄድኩ። አፌን አልከፈትኩም፣ ወሬው ቀድሞኛል። ተቆጥተው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር። ተጨንቀው አገኘኋቸው፣ እሱ ባሰ። ትልቅ ሰው ዝም በል ማለት ነውር ነው አሉ። ይቅርታ ብትል ምን ይጎድልባታል፣ ልጅቷን ከትምህርት ቢያባርሯትስ አሉ። ደግሞ ትክክል ናቸው። እኔ ሥራ ባጣ እኔው አጣሁ። እሷ ት/ቤት ብታጣ ማማ ላይ ትቀራለች።

ትርንጎ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ሩዝ ትለቅማለች፣ ቀና አትልም። እልኼ ጭራሽ ለሰስ አለ። ነገ ይቅርታ በይ፣ አጭር ይሁን፣ ከዚያ ሁላችንም እንረሳዋለን አልኳት። በገዛ አፌ! ሙሉ ይህን አለች! ልወጣ ስል ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሽመላው ማጨብጨቡን ባይሰማ ኖሮ ያርፍ ነበር አይደል? አዎ አልኳት። ያርፍ ነበር።

መንገድ ላይ በራሴ ተናድጄ ነው የሄድኩት። አንዲት ልጅ እውነት ይዛ ስትመጣ፣ እኔ ይቅርታ በይ እላለሁ። የኢንጅ. ዮ.ን ሥራ በነጻ ሠራሁለት።

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ከሰልፍ በኋላ

ባንዲራ ተሰቀለ። መዝሙር ተዘመረ። አቶ ጌ. ማይኩን ይዘው ስለ እንግዳ ክብር ተናገሩ። ከዚያ ትርንጎን ጠሯት። ወጣች። ከግቢው በር አጠገብ አያ ፈንቴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እኔ ከመምህራኑ ኋላ፣ ጥፍሬን እየበላሁ።

ማይኩን ሰጧት። ቁመቷ አልደረሰም፣ ዝቅ አደረጉላት። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያያታል። አቶ ጌ. ይቅርታ በይ ብለው ሲያንሾካሹኩ በስፒከሩ ተሰማ፣ ልጆች ሳቁ። ትርንጎ ከዚያ ያቺን ከርብ ማዶ የምትሰማ ድምጿን አወጣች።

«ሽመላው ሊያርፍ ነበር።»

ይሄው። ማይኩን መለሰች፣ ሰልፏ ውስጥ ገባች።

ሳቅ የለም። ከ6ኛ ክ. ሰልፍ አንድ ድምፅ፣ እውነቷን ነው። ሌላም፣ እውነቷን ነው። አቶ ጌ. ማይኩን እንደያዙ ቀሩ። ወደ ክፍል ግቡ አሉ በመጨረሻ። ስለ ይቅርታ አልደገሙትም። እኔ እልል አላልኩም፣ አጥሩን ተደገፍኩ። ትላንት በገዛ አፌ ልሸጠው የነበረውን ነገር እሷ አልሸጠችውም።

አያ ፈንቴ ወደ እኔ መጡ። ልጅቷን ሊገርፏት ነው ብዬ ነበር። ያ ክፍሉ ውስጥ የቆመው ማማ የማነው እንጨቱ አሉኝ። የእናንተ ነው፣ እናንተ ያዋጣችሁት አልኳቸው። በይ እንጨታችንን ማንም አያሽግብንም አሉ። ረቡዕም ወንፈል ነው፣ ልጆቹ ይመጣሉ፣ አንች ማማው ላይ ውዝፍ አለብሽ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ከዚያ ቢሮ። አቶ ጌ. እጃቸውን ዘረጉ፣ ቁልፉን። አልሰጥም አልኳቸው። ረቡዕ ኢንጂነሩ ይመጣል እኮ አሉ። ይምጣ አልኩ። ፕሮጀክተሩ የፕሮጀክቱ ነው፣ አልከለክለውም፤ ጭቃው የሜዳው ነው፣ ማማው የገበሬው ነው፣ ኮዱ የኔ ነው። ምን ልበለው ታዲያ አሉ። የተነቀለውን ሽቦ እንዳዩ ይበሉት አልኳቸው። መስኮቱን አዩ። እጃቸውን መለሱ።

ወስኛለሁ፣ ደብተሬ። ጻፈው። ኮዱን አልመልስም፣ በሩንም አልቆልፍም። ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ክፍት ነው፣ መብራቱ በርቶ፣ ማይክሮፎኑ ተሰክቶ፣ ሃያዎቹም ጭቃው ውስጥ። ኢንጅ. ዮ. ዕቃውን የሚፈልግ ከሆነ ጫማውን ያውልቅና ይግባ። ግሪሳ በምትወርድበት ሰዓት፣ በሚጮኹት ልጆች መሃል፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ማይክሮፎኑን ይፍታው።

እኔ ዝም በሉ አልላቸውም።